የስዊዘርላንድ የባቡር ትኬት ግራ አጋብቶኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከባህር ዳር ነው የምጽፈው። ለስልጠና ጄኔቫ ልሄድ ነው። ስልጠናው ሲያልቅ አራት ቀን ይተርፈኛል። በባቡር በርንን፣ ሉሰርንንና ኢንተርላከንን ልዞር አስቤያለሁ።

ያቃተኝ ትኬቱ ነው። ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጠው ስዊስ ትራቭል ፓስ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ተከታታይ ቀናት ይወሰዳል። ባቡሩንም፣ አውቶቡሱንም፣ የሐይቁን መርከብም ይሸፍናል። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው መርከቡ ብቻውን ልብ ይሰርቃል። ዋጋው ግን አይቀመስም! ሌላው የግማሽ ዋጋ ካርድ ነው። ለአንድ ወር ያገለግላል፤ ግን በየጉዞው ግማሹን መክፈል አለ።

ነገሩን ያወሳሰበብኝ ዩንግፍራውዮኽ የሚባለው የተራራ ላይ ጣቢያ ነው። ባቡሩ 3,454 ሜትር ድረስ ይወጣል። ለዚያ የመጨረሻ መስመር ፓሱ የሚቀንሰው 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ካርዱ ግን 50 በመቶ። ታዲያ የቱ ያዋጣል?

አንድ ጓደኛዬ «አስቀድመህ ርካሹን ትኬት ቁረጥ» ይለኛል። እሱ ደግሞ ለተመረጠው ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ካመለጠ አለቀ። ሰው ሲሞላ የሚነሳ የዘጌ ጀልባ ለለመደ ይሄ ያስፈራል።

ሻንጣዬንስ? ጣቢያ ላይ ሎከር አለ አሉ፤ ትልቅ ሻንጣ ይችላል? ለቪዛው የጉዞ ዕቅድ ማስገባት ስላለብኝ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ አለብኝ። በተለይ ተራራውን ትቼ ፓሱን ልያዝ ወይስ ካርዱን ይዤ ልውጣ?