የእማዬ ስልክ ላይ ብሎክ የሆነ ቁጥር እንዴት ይነሳል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለእናንተ። እማዬ መሐል ሜዳ ናት፤ የያዘችው ሳምሰንግ ነው። የወንድሜ ልጅ ሲነካካው ደብረ ሲና ያለችውን አክስቴን ብሎክ አድርጓታል። አክስቴ ብትደውል ብትደውል አይገባላትም። «እህቴን ምን አስቀየምኳት?» እያለች ሆድ ብሷታል። በጣም አሳስቦኛል። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ በስልክ ነው የምመራት። ምን ልበላት?

መልስ፦
አይዞህ፣ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስፒከር ላይ ያድርጉት፤ ያለዚያ እያወሩ መንካት አይችሉም። አረንጓዴውን መደወያ ይክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥብ ቁልቁል ተደርድሯል፤ እሱን ሲነኩ ሴቲንግ ይመጣል። እዚያ ውስጥ «ብሎክ ነምበርስ» የሚለው አለ። ከአክስትህ ቁጥር ጎን ያለችውን የመቀነስ ምልክት ይንኩ። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ከጠፋ አለቀ።

ሌላ መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ፊደል ለማያውቅ ሰው ሴቲንግ ውስጥ መግባት ይከብዳል። ጎረቤት ተማሪ ካለ እሱን አስጠራና ምራው። ደግሞ ቴሌግራም ላይም ብሎክ ከሆነች ለብቻው ነው የሚነሳው፤ የስልኩ አይበቃም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የጎረቤት ልጅ አነሳላት። አሁን እህትማማቾቹ እያወሩ ነው፤ እኔ ስደውል መስመሩ ተይዟል።