17/5ን ወደ ድብልቅ ቁጥር መቀየር አቃተን፣ እርዱን

የሳቢያን እናት፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ 17/5ን ወደ ድብልቅ ቁጥር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ አብረው ወደሚጻፉበት፣ ቀይሩ ይላል። በስልኬ 17 ለ5 ሳካፍል 3.4 አለኝ። «3 ከ4/5 ብለሽ ጻፊ» አልኳት። መምህሯ በቀይ ኤክስ አድርገው መለሱላት። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት? ልጄ ፊት አፈርኩ አቦ።

ባለሱቁ ከከፊራ፦
አብሽሪ እህቴ። ስልኩን አስቀምጪና በእጅ አካፍዪ። 17 ውስጥ አምስት 3 ጊዜ አለ፤ 15 ሆነ። 2 ተረፈ። 3ቱ ሙሉ ቁጥር፣ የተረፈው 2 ላይ፣ 5 እዚያው ታች። 3 ከ2/5 ነው።
ለልጅቷ በሐልዋ አሳያት። ደንበኛ በሩብ ኪሎ የታሸገ ሐልዋ 11 ቢያነሳ «አሥራ አንድ ሩብ» የሚለው የለም። አራት አራቱን እያቀናጀሁ ሙሉ ኪሎ አደርጋለሁ፦ ሁለት ኪሎ ሞላ፣ ሦስት እሽግ ተረፈ። 11/4 ማለት 2 ከ3/4 ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
7/2ስ? ሦስት ተኩል! ለካ ዕድሜ ልካችንን ድብልቅ ቁጥር ስናወራ ኖረናል።

ጡረተኛው መምህር ከሐረር፦
ልጄ፣ 3.4 ራሱ አልተሳሳተም። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለውን 4 እንደ ቀሪ መቁጠርሽ ነው ጉዱ። እሱ 4/10 ነው፤ ሲቃለል 2/5። ከባለሱቁ መልስ ጋር ያው ነው።
ማረጋገጫ አስተምሪያት። ሙሉውን ቁጥር በታህቱ (በታችኛው ቁጥር) አባዢ፣ ላዕሉን (የላይኛውን) ደምሪ፦ 3 × 5 + 2 = 17። ያንቺን ብትሞክሪው 19 ይመጣል።
ሌላው ልጆች የሚወድቁበት፣ ገልብጠው 3 ከ5/2 መጻፍ ነው። 5/2 ብቻውን ከ2 ይበልጣል እኮ! በሙሉ ዘመኔ ስንቱን ደብተር በዚህ አቅልሜያለሁ።
22/8 ከመጣ 2 ከ6/8 ብላችሁ እንዳታቆሙ፤ አቃሉት፣ 2 ከ3/4። 24/6 ደግሞ ቀሪ የለውም፣ 4 ብቻ።

የሳቢያን እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። 23/7ን ብቻዋን ሠርታ 3 ከ2/7 አለች። ሦስት ጊዜ ሰባት 21፣ ሲደመር 2፣ 23 ብላ አረጋገጠችልኝ። አሁን ሐልዋ ካልተገዛልኝ ብላ ይዛኛለች። ባለሱቁ፣ ሩብ ኪሎ አስቀምጥልኝ፤ 11ዱ ይቅርብኝ።