ልጄ ፍራይቡርግ እየኖረች ፈረንሳይ መማር ትችላለች?

ከፍራይቡርግ፣ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ልጄ በመጪው ክረምት አቢቱር፣ ማለትም የጀርመኑን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ትጨርሳለች። የምትወደው ኬሚስትሪ ነው። አንድ መምህሯ «ፈረንሳይ ተሻግረሽ ተማሪ፣ የሁለቱንም አገር ዲግሪ ትይዣለሽ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ የጀርመን ነው፣ በእኔ በኩል ያገኘችው። ድንበሩ ከቤታችን ቅርብ ነው። ወረቀታችን ይሻገራል ወይ? ክፍያውስ? በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከስትራስቡርግ

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ጥያቄዎን ያየሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ ማታ ቤት እንደገባሁ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። ስትራስቡርግ ተምሬያለሁ፣ ፍራይቡርግ ኮርስ ወስጃለሁ፣ አሁን የምሠራው ካርልስሩህ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ይታገሱኝ።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮች እንለይ። ብዙ የእኛ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ዩኮር ይባላል። በ1989 የተጀመረ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከጀርመን ፍራይቡርግና ካርልስሩህ፣ ከፈረንሳይ ስትራስቡርግና ሚሉዝ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም የስዊሷ ባዝል አሉበት። ልጅዎ ፍራይቡርግ ትመዘገባለች፣ የሚከፈለውን እዚያው ትከፍላለች። ከዚያ በኋላ በሌሎቹ አራቱም ኮርስ መውሰድ፣ ፈተና መቀመጥ፣ ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ትችላለች። ተጨማሪ የትምህርት ክፍያ የለም። ነገር ግን ይህ ብቻውን ሁለት ዲግሪ አያሰጥም። ዲግሪዋ የፍራይቡርግ ነው።

ሁለተኛው የጀርመንና የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ስሙ ዩኒቨርሲቲ ይበል እንጂ ተማሪ ገብቶ የሚማርበት ግቢ የለውም። ጽሕፈት ቤቱ ዛርብሩክን ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1997 ቫይማር ከተማ ላይ ተስማምተው ያቋቋሙት ነው። ሥራው፣ አንድ የጀርመንና አንድ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ አብረው የሚያስተምሩትን ትምህርት መመርመርና በገንዘብ መደገፍ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ የትምህርት ዘርፎች አሉ። ተማሪዎቹ ወደ 6000 ይጠጋሉ። ልጁ የተወሰነውን ጊዜ እዚህ፣ የተወሰነውን እዚያ ይማራል። ሲጨርስ የሁለቱንም አገር ዲግሪ ይይዛል። ሌላው አገር ላይ ለሚያሳልፈው ጊዜ በየወሩ ድጎማ ይሰጠዋል።

መምህሯ ያሰቡት ይህን ሁለተኛውን ይመስለኛል። ለኬሚስትሪ ደግሞ ከደጃችሁ አለ። ሬጂዮ ኪሚካ ይባላል፤ የፍራይቡርግና የሚሉዝ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት እሱን ነበር የማየው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እኔም ያለቀስኩበት ነገር ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት።

የጀርመን መኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት የያዘ ሰው ፈረንሳይ ገብቶ መቆየት የሚችለው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ነው። ልጅዎ ፍራይቡርግ እያደረች በሳምንት ሁለት ቀን ስትራስቡርግ ብትመላለስ በስድስት ወር 52 ቀን ገደማ ይሆናል። ችግር የለውም። ኮርሷን ወስዳ ማታ ወጥዎ ላይ ትደርሳለች። ፓስፖርቷና ካርዷ ግን ሁልጊዜ ከእጇ አይለዩ። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሯ ላይ ፍተሻ ጀምራለች። ባቡር ውስጥ ገብተው ሲጠይቁ አይቻለሁ።

አንድ ዓመት ፈረንሳይ ተቀምጣ የምትማር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአውሮፓ ሕግ፣ የተማሪ ፈቃድ የያዘ ልጅ በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ውስጥ ካለ፣ ሌላው አገር ሄዶ እስከ 360 ቀን መማር ይችላል። እኔ ወደ ጀርመን የተሻገርኩት በዚህ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ተማሪ ፈቃድ ነው። የልጅዎ ፈቃድ በቤተሰብ ነው። ስለዚህ የፈረንሳይ ረጅም ቆይታ ቪዛ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። ቆንስላውን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ የመግቢያ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ሌላም አለ፤ ይህን የሚነግረን ሰው የለም። ከጀርመን ከስድስት ወር በላይ የወጣ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ሊወድቅበት ይችላል። አውስላንደርአምት (የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮው) አስቀድሞ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ ግን አይወድቅም። ከመሄዷ በፊት ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። በቃል «ችግር የለውም» ቢሏችሁ አይበቃም።

ስለ ገንዘብ ጠይቀዋል። ፍራይቡርግ ያለችበት ክልል፣ ባደን ቩርተምበርግ፣ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1500 ዩሮ ታስከፍላለች። ልጅዎን ግን ይህ አይነካትም፤ አቢቱሯን እዚሁ ስለምትይዝ ነፃ ናት። ሁሉም የሚከፍለውን የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ትከፍላለች። «ኢትዮጵያዊት ስለሆነች 1500 ትከፍላለች» የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይደንግጡ።

የራሴን ስህተት ልንገርዎ፣ ልጅዎ እንዳትደግመው። ማስተርስ ላይ እያለሁ ፍራይቡርግ አንድ ኮርስ ወሰድኩ። ሙሉ ሴሚስተር ተመላለስኩ። ኦፈንቡርግ ላይ ባቡር እየቀየርኩ፣ በዚያ ብርድ። ፈተናውን አለፍኩ። ስመለስ ክሬዲቱን አንቀበልም ተባልኩ። ለምን? ኮርሱን ከመጀመሬ በፊት ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ስምምነት አልነበረኝም። ጽሕፈት ቤቱ ሂጂና ተመዝገቢ ብሎኝ ነበር፣ ስለ ፊርማው ግን ማንም አልነገረኝም። ኮርሱን ደግሜ ወሰድኩ። አንድ ሴሚስተር ለስደተኛ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፤ ኪራዩ አለ፣ የፈቃድ እድሳቱ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ሰው አለ። እናም ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ፊርማ ይኑር።

የጊዜ ሰሌዳውም አይገጥምም። ስትራስቡርግ በመስከረም መጀመሪያ ትገባለች። ፍራይቡርግ የዊንተር (የብርዱ ወራት) ሴሚስተር ትምህርት የሚጀምረው በጥቅምት አጋማሽ ነው። (የፈረንጆቹን ወራት ነው የምለው።) እዚህ ፈተና ሲደርስ እዚያ ገና መሃል ላይ ናቸው። ውጤቱም እንዲሁ። ፈረንሳይ ከ20 ነው የሚታረመው፣ 10 ማለፊያ ነው፣ 14 ያመጣ ጎበዝ ይባላል። ከ20 14 አመጣሁ ስትልዎ እንዳይቆጧት። ጀርመን ደግሞ 1 ነው ትልቁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጣጣ እያለ ለምን ትሂድ እላለሁ? የማየውን ስለማውቅ ነው። ስትራስቡርግ የኬሚስትሪ ከተማ ናት። ዣን ማሪ ሌን በ1987፣ ዣን ፒየር ሶቫዥ በ2016 ለኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት እዚያው እየሠሩ ነው። ሌን ደግሞ በ1998 ካርልስሩህ የናኖቴክኖሎጂ ተቋም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ፈረንሳዊ ሳይንቲስት፣ የድንበሩን ወንዝ ራይንን ተሻግሮ፣ ጀርመን አገር ላብራቶሪ ያቆማል። እኛ ላብራቶሪ ጠዋት በጀርመንኛ የተጀመረ ስብሰባ ከሰዓት በፈረንሳይኛ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ናሙናችንን ይዘን ግሬኖብል ሄደን ነበር። እዚያ ያለውን የኒውትሮን ምርምር ማዕከል ሁለቱ አገሮች በ1967 ነው አብረው ያቋቋሙት፤ እንግሊዝ የገባችው በ1973 ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስንለካ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ማን ጀርመናዊ ማን ፈረንሳዊ እንደሆነ አልለየሁም።

ይህን የምለው የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ስለማውቅም ነው። ከ1871 ጦርነት በኋላ ጀርመን ወሰደችው። በ1918 ፈረንሳይ መለሰችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መምህራኑና ተማሪዎቹ ክሌርሞን ፌራን ወደምትባል ከተማ ተሰደዱ። ኅዳር 1943 ጀርመኖች እዚያም ደርሰው ተማሪውንና መምህሩን አፈሱ፤ ብዙዎቹ ወደ ማጎሪያ ተላኩ። ጦርነቱ ካበቃ 18 ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ጥር 1963 የሁለቱ አገር መሪዎች፣ የፈረንሳዩ ደ ጎልና የጀርመኑ አደናወር፣ ተቀምጠው ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ውስጥ የገባውን ይመልከቱ፦ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለልጆቹ ያስተምር፣ ዲግሪው ይታወቅ፣ ተመራማሪዎቹ አብረው ይሥሩ። ከጦርነት አገር የመጣሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ከዛርብሩክን

እህታችን ጥሩ አድርጋ ጽፋለች፣ እግዜር ይስጣት። ትንሽ ልጨምር። የእኔ ልጅ እዚህ ዛርብሩክንና የፈረንሳይዋ ሜትዝ አብረው በሚሰጡት የምህንድስና ትምህርት ነው ያለፈው። ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለእኔ ይህ ረጅም ዕድሜው ትልቅ ነገር ነበር። አዲስ ከሆነው ይልቅ ብዙ ዓመት የቆየውን ምረጡ። ጣጣው ሁሉ በሌላው ልጅ ላይ ታይቶ ተስተካክሏል። ማመልከቻው ላይ የሠራ ሰው ቢሮ ውስጥ አለ፣ ስትደውሉ ያነሳል።

የእኛ ልጅ ያኔ የጀርመን ፓስፖርት ነበረው፣ ስለ ቪዛ አላየንም። እርስዎም እስቲ ያስቡበት። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጀርመን አምስት ዓመት ለኖረ ዜግነት ትሰጣለች፣ የቀድሞውን ተው አትልም። ኢትዮጵያ ግን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው የሚቀረው። ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ከልጅዎ ጋር ተነጋገሩበት።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ የሁለቱ አገር የምርምር ትብብር የእኛንም አገር ነክቷል። የጀርመንና የፈረንሳይ የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች በጋራ የደገፉት አንድ ሥራ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎችንና የቦታ ስሞችን ያጠና ነበር። ካርታዎቹ ያሉት እዚህ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ነው። ጎታ ማለት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 መጥተው ለጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩባት ከተማ ናት። የእኛ ሰው እዚህ አገር መምህር ሆኖ መምጣቱን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ከፍራይቡርግ፣ የሁለት ልጆች እናት

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ለልጄ አነበብኩላት፣ እሷም ደግማ ለብቻዋ አነበበችው። የስድስት ወሩን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ነገ አውስላንደርአምት እጽፋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ፈረንሳይኛዋ የትምህርት ቤት ብቻ ነው። ይበቃታል? ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አሥር ዓመቱ ነው፣ ለእሱስ ከአሁኑ የሚደረግ ነገር አለ?

ከስትራስቡርግ

እናቴ፣ የትምህርት ቤቱ ብቻ አይበቃም። ኬሚስትሪው ራሱ አይከብዳትም፤ ቀመር በየትም አገር አንድ ነው። የሚከብደው የላብራቶሪ ሪፖርት መጻፍና መምህሩ በፍጥነት ሲናገር መከተል ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምሬ መጥቼ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በድምፅ መቅጃ ነው ያለፍኩት። እስከ ክረምት ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ትናገር። ሬጂዮ ኪሚካ የሚፈልገውን የቋንቋ ደረጃም ቀጥታ ከእነሱ ትጠይቅ፣ ኢሜይሉን ራሷ ትጻፍ።

ለትንሹ ደግሞ እድለኛ ናችሁ። ፍራይቡርግ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ የጀርመንና የፈረንሳይ ጂምናዚየም አለ፤ ስፖርት ቤት ሳይሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከሁለቱ አገር የመጡ ልጆች አብረው ነው የሚማሩት። አሥር ዓመት ደግሞ የሚገባበት ዕድሜ ነው፣ የምዝገባውን ቀን እንዳያልፍዎ። እዚያ ቦታ ባያገኝ አቢባክ የሚባለውን የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ልጁ አቢቱርና የፈረንሳዩን ባካሎሬያ አንድ ላይ ይይዛል።

ልጅዎ ፈቃደኛ ከሆነች ቅዳሜ ትምጣ። እስከ ኬል በባቡር ትምጣና ትራም ዲ ትሳፈር፤ ራይንን አሻግሮ ያመጣታል። ጣቢያው ላይ እጠብቃታለሁ። ግቢውን አሳያታለሁ፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎችም አገናኛታለሁ። ፓስፖርቷንና ካርዷን እንዳትረሳ።