የፌዴራል የምርመራ ደብዳቤ ለደረሰው ወንድሜ የትኛውን ጠበቃ ልያዝለት?

ጠያቂ፦ ታላቅ ወንድም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021፣ በኮቪድ ጊዜ መንግሥት ለአነስተኛ ንግዶች ይሰጥ የነበረውንና ፒፒፒ የሚባለውን ብድር፣ የዓመት ታክሱን የሚሠራለት ሰው «ሁሉም እየወሰደ ነው፣ አንተን ምን ይዞህ?» ብሎ አስሞላው። ማመልከቻው ላይ አምስት ሠራተኞች ተጽፈዋል፤ እውነቱ ግን እሱና አንዲት የጭነት መኪናው ብቻ ነበሩ። 61,000 ዶላር ገባለት፤ ታክስ ሠሪውም 9,000ውን የድካሜ ነው ብሎ ወሰደ።

ባለፈው ወር ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች ቤቱ መጥተው ስላጡት ለባለቤቱ ካርድ ሰጥተው ሄዱ። አሁን ደግሞ ከፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የምርመራ ዒላማ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። ዜጋ አይደለም፤ በግሪን ካርድ ነው ያለው፤ ሁለት ልጆቹ እዚህ ተወልደዋል። እሱ «የሰረቅሁት ነገር የለም፣ ደውዬ እውነቱን ልንገራቸውና ይለቀኝ» ይላል። እኔ ያዝ አድርጌዋለሁ።

ሦስት መንገድ ታይቶኛል። የመጀመሪያው የቤተሰባችንን የኢሚግሬሽንና የመኪና አደጋ ጉዳይ የያዘልን፣ አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ነው፤ 12,000 ዶላር ጠይቆ «ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ በስልክ አስጨርሰዋለሁ» ብሎናል። ሁለተኛው ቀድሞ ራሱ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ክስ እስኪመሠረት ላለው ጊዜ ብቻ 35,000 ጠይቋል። ሦስተኛው መንግሥት በነፃ የሚያቆመው ጠበቃ ነው፤ ዘመዶቻችን ግን ነፃ ጠበቃ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር አንድ ነው ይላሉ። የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

ወንድሜ፣ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ አካባቢ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት በአማርኛ አስተርጉሜያለሁና ያየሁትን እነግርዎታለሁ። ከሁሉ በፊት እንዳይደውል ያደረጉት ነገር ትክክል ነው። ለፌዴራል መርማሪ አውቆ የተሳሳተ ቃል መስጠት፣ መሐላ ባይኖርበትም እንኳ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። በብድሩ የማይያዝ ሰው በዚህ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አንድ ጊዜ በጠበቃና በደንበኛው መካከል ሳስተረጉም፣ ጠበቃው ዐቃቤ ሕጉ የሚለውን በዝርዝር ሲያስረዳ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ በየመሀሉ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር፤ ትንፋሹንም ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ «አዎ» ይል ነበር። ጠበቃው ቀና ብሎ «ታዲያ ሁሉንም አምኗል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ማመኑ ሳይሆን፣ እያዳመጠ መሆኑን በአክብሮት መግለጹ እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እዚያ የነበረው የራሱ ጠበቃ ስለሆነ አልተጎዳም። ያው «እሺ» መርማሪ ፊት ቢሆን ኖሮ፣ ሳሎን ተቀምጦ የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ በድምፅ ስለማይቀረጽ፣ የሚቀረው መርማሪው ቢሮው ተመልሶ ከማስታወሻው የሚጽፈው ሪፖርት ነው።

ወደ ጠበቆቹ ልምጣ። «በስልክ አስጨርሰዋለሁ» የሚለው ቃል እኔን ያስፈራኛል። የፌዴራል ክስ ከካውንቲ ፍርድ ቤት ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ሕጉም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የቅጣት አሰላሉም ሌላ ነው። በቨርጂኒያ የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ለመቆም ለብቻው መመዝገብ አለበት። መመዝገብ ብቻውን ደግሞ ልምድ አይሆንም። የአሌክሳንድሪያው ፌዴራል ፍርድ ቤት በፍጥነቱ በመላ አሜሪካ የታወቀ ነው፤ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ዳኞቹ በቀላሉ አያራዝሙም፣ ስለዚህ በመንገድ ላይ እየተማረ የሚሠራ ጠበቃ እዚያ ጊዜ አያገኝም። ጠበቃውን «በዚህ ፍርድ ቤት በቅርብ ዓመታት ስንት የማጭበርበር ክስ ይዘዋል? ስንቱን እስከ ችሎት ክርክር አደረሱት?» ብለው ይጠይቁት፤ ቅር ካለው መልስዎን አግኝተዋል። ቃሉን ማጣራትም ይቻላል፤ ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ማንም ሰው ተመዝግቦ፣ በገጽ 10 ሳንቲም እየከፈለ፣ ያ ጠበቃ የቆመባቸውን መዝገቦች ማየት ይችላል።

አማርኛ መናገሩ መልካም ነው፤ ግን እንደ ዋና መመዘኛ አይያዝ። መንግሥት በሚያቀርበው የፌዴራል ክስ፣ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወጪ አስተርጓሚ ያቆማል።

መልስ፦ ሹፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህታችን ባሉት ላይ የእኛን ቤት ታሪክ ልጨምር። የአጎቴ ልጅ በፌዴራል ክስ ሲያዝ፣ እኔ በየወሩ 500 ዶላር ስጥልበት የነበረው ዕቁብ ደርሶኝ ነበርና ከሌሎች ዘመዶች ካዋጡት ጋር 20,000 አድርገን ለአንድ ጠበቃ ሰጠን። ስሙን አላነሳም። አራት ገጽ ውል አስፈረመን፤ እኛም ሳናነብ ፈረምን። በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ እኛ የማናውቀው ወጣት ጠበቃ መጣ። በኋላ ልጁ ጥፋተኛ አይደለሁም፣ ልከራከር ሲል፣ ውሉ የችሎት ክርክርን እንደማይጨምርና ሌላ 40,000 እንደሚያስፈልግ ተነገረን። ውሉን አውጥተን ስናየው እውነትም ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ጠበቃው አልዋሸንም፤ እኛ አልጠየቅንም።

ስለዚህ ውሉ ምኑን ምኑን እንደሚሸፍን በደረጃ ይጠይቁ፦ ከክስ በፊት ያለውን ድርድር፣ የጥፋተኝነት ስምምነቱን፣ ክርክሩን፣ የቅጣት ውሳኔውን፣ ይግባኙን። ችሎት የሚቆመው ራሱ ይሁን ረዳቱ ይታወቅ። ያልተሠራበት ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥ እንደሆነና ቢለያዩ የሚመለሰው ስንት እንደሆነም በጽሑፍ ይኑር። «ነፃ ካወጣሁት ይህን ያህል ትጨምሩልኛላችሁ» የሚል ጠበቃ ካገኙ ይራቁ፤ በወንጀል ጉዳይ ክፍያን በውጤት ላይ ማሰር በጥብቅና ሥነ ምግባር ደንብ የተከለከለ ነው።

ስለ ነፃው ጠበቃ ዘመዶችዎ የሚሉት የሀገር ቤትን እያሰቡ ይመስለኛል። እኛ ገንዘቡ ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ከፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ አንዲት ሴት መደበልን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ እስር ቤት ሄዳ አየችው፤ የተከፈለው ጠበቃ በአራት ወር የሄደው አንድ ጊዜ ነበር። ደመወዟን መንግሥት ይክፈል እንጂ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ ሥራዋ ከዓመት እስከ ዓመት የፌዴራል ወንጀል ብቻ ነው። አቅም የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ እንዲቆምለት እ.ኤ.አ. በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል፤ በፌዴራል ደረጃ የጠበቃው ክፍያ የሚሸፈንበት ሕግም በ1964 ወጥቷል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤም ብዙ ጊዜ የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ወዴት መደወል እንዳለበት ይጠቁማልና እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡት። ለዚህ የሚሞላው የገቢና የንብረት ቅጽ በሐሰት ቢሞላ እንደሚያስጠይቅ ግን አይዘንጋ። በብድር ቅጽ የተከሰሰ ሰው ሁለተኛ ቅጽ ላይ ባይሳሳት ይሻለዋል።

መልስ፦ ኢሚግሬሽን ቢሮ የምሠራ

በአጭሩ፦ ለወንድምዎ ከእስሩ ይልቅ ከሀገር መባረሩ ሊከብድ ይችላል። በኢሚግሬሽን ሕግ፣ በተጎጂው ላይ ከ10,000 ዶላር በላይ ጉዳት ያደረሰ የማጭበርበር ወንጀል «ከባድ ወንጀል» ከሚባለው ምድብ ይገባል፤ እስር ባይፈረድበትም እንኳ። በዚህ ምድብ የወደቀ የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ሌሎች ባለ ግሪን ካርዶች ከመባረር ለመትረፍ ከዳኛ የሚጠይቁት ምሕረት ይዘጋበታል። 61,000 ዶላር ከዚያ ወሰን በብዙ ያልፋል። ስለዚህ በየትኛው አንቀጽና በምን ያህል የጉዳት መጠን ጥፋተኛነቱን ያምናል የሚለው ጥያቄ የልጆቹን ሕይወት የሚወስን ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ጥፋተኝነቱን ከማመኑ በፊት ስለ መባረር አደጋ እንዲመክረው ግዴታ ጥሎበታል። የፌዴራል ተከሳሾች አብዛኞቹ ክርክር ሳይደርሱ በስምምነት ስለሚጨርሱ፣ ምክሩ የሚያስፈልገው ከድርድሩ በፊት ነው። የሚይዙት ጠበቃ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተማክሮ እንዲሠራ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። የቤተሰባችሁ ጠበቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ኢሚግሬሽኑን ያውቃል፣ ወንጀሉን ለሌላ ይተው። እስከዚያው ወንድምዎ ሳያማክር ከሀገር አይውጣ፤ የዜግነት ማመልከቻም አያስገባ። ቅጹ ያልተያዙበትን ወንጀል ጭምር ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ ታላቅ ወንድም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከዘመድ የተዋጣው 18,000 ዶላር በጥሬው እጄ ላይ ነው፤ አንድ ወዳጃችን «ከ10,000 በታች እያደረጋችሁ በሁለት ጊዜ ክፈሉ፣ አይመዘገብም» አለን። ደግሞም ያ ታክስ ሠሪ ትናንት ደውሎ «የኔ ጠበቃ ሁለታችንንም ይይዘናል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፤ የተጻጻፍነውን ግን አጥፋው» ብሎታል።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

የወዳጅዎን ምክር አይስሙ። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ጠበቃ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ መመዝገቡ ብቻውን ወንጀል አያደርገውም። እንዳይመዘገብ ብሎ መከፋፈል ግን ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ ጽፈው ይያዙ። ከብድሩ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለጠበቃ እንዳይከፈል፤ የወንጀል ፍሬ ነው ከተባለ ከጠበቃውም እጅ ሊወሰድ ይችላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የታክስ ሠሪውና የወንድምዎ ጥቅም አንድ አይደለም። ወንድምዎን ሊያድነው የሚችለው ቃል «ያስሞላኝ እሱ ነው» የሚለው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቃል የታክስ ሠሪው ጠበቃ እንዴት ያወጣዋል? በዋትሳፕም በቫይበርም የተጻጻፉት አንድም እንዳይጠፋ፤ ምርመራን ለማደናቀፍ ማስረጃ ማጥፋት እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፣ ደግሞም ያ ጽሑፍ ለእሱ የሚመሰክር ሊሆን ይችላል። ስልኩን እንዳለ ለጠበቃው ያሳይ።

አንድ ነገር ለእርስዎም ልናገር፣ አይቀየሙኝ። የሚከፍሉት እርስዎ ቢሆኑም ደንበኛው እሱ ነው። ጠበቃው ምስጢሩን ለእርስዎ አይነግርም፤ እርስዎም አብረው ከተቀመጡ ንግግራቸው የምስጢር ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። በእኛ ባህል ታላቅ ወንድምን በር ላይ አቁሞ መግባት ነውር ይመስላል። ቢሆንም እዚያ ቀን ውጭ ይጠብቁት።

ጠያቂ፦ ታላቅ ወንድም

ደብዳቤውን እንደገና አነበብነው፤ እውነትም የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ስልክ ከታች ተጽፏል። ዛሬ ጠዋት ራሱ ደወለ፤ ለሐሙስ ቀጠሩት። በገቢው ብቁ አይደለህም ካሉት የቀድሞውን ዐቃቤ ሕግ ውል በየደረጃው አስጽፈን እንይዛለን። ለቤተሰባችን ጠበቃም ነገርኩት፤ መጀመሪያ ቅር ቢለውም በኢሚግሬሽኑ በኩል ከሚያዘው ጠበቃ ጋር ለመነጋገር ተስማምቷል። የመርማሪዎቹን ካርድ የወንድሜ ባለቤት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋው ነበር፤ አንስቼ ከደብዳቤው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሐሙስ ከቢሮው ውጭ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።