«ፕሮቴስት» ሁልጊዜ መቃወም ማለት ነውን?

ጠያቂ፦
የፍርድ ቤት ዜና በእንግሊዝኛ ሳነብ «ሂ ፕሮቴስትድ ሂዝ ኢኖሰንስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ቃሉን የማውቀው «ተቃወመ» በሚለው ፍቺው ስለሆነ «ንጹሕነቱን ተቃወመ» ብዬ ብተረጉመው ተከሳሹ በራሱ ላይ የመሰከረ ሆነብኝ። ቃሉ ሌላ ፍቺ አለው? አንዳንድ ጋዜጦች ከቃሉ ቀጥለው «አጌንስት» («በ… ላይ»፣ «በመቃወም» ማለት ነው) ሲሉ ሌሎቹ የሚተዉትስ ለምንድን ነው?

የቋንቋ መምህር፦
አለው፤ እንዲያውም የሚቀድመው እሱ ነው። ቃሉ የላቲን ሲሆን ሥሩ «ምስክር» ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ስለሆነ፣ በጥንቱ ፍቺው በአደባባይ መመስከርን፣ አጽንቶ መናገርን ያመለክት ነበር። ያነበቡት ዓረፍተ ነገርም «ንጹሕ ነኝ ሲል አጥብቆ ተናገረ» ማለት ነው። «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስያሜ የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1529 የሉተርን ትምህርት የተቀበሉ መሳፍንትና ከተሞች በጀርመን አገር በሽፓየር የተሰበሰበው ጉባኤ በአብላጫ ድምፅ ያሳለፈውን ውሳኔ አንቀበልም ብለው በጽሑፍ ካቀረቡት መግለጫ ነው፤ እዚያ መቃወሙና እምነትን መመስከሩ አንድ ላይ ነበሩ። በንግግር ጊዜ ደግሞ ስም ሲሆን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል፣ ግሥ ሲሆን ሁለተኛው ይጠብቃል ወይም ይጎላል።

ከሜሪላንድ፦
«አጌንስት»ን የሚተዉት በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው፤ እንግሊዞች ግን ማስገባቱን ይመርጣሉ። አሜሪካዊው «ፕሮቴስት ዘ ዋር» ሲል ጦርነቱን መቃወሙ ነው እንጂ ስለ ጦርነቱ መመስከሩ አይደለም። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ይመልከቱ፤ ውሳኔ ወይም ጦርነት ከሆነ ተቃውሞ ነው፣ ንጹሕነት ወይም ታማኝነት ከሆነ ግን ማረጋገጥ ነው። «ሰላማዊ ሰልፍ» ብሎ መተርጎምም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ በደብዳቤም ቢሆን «ፕሮቴስት» ሊያደርግ ይችላልና።

ተርጓሚ፦
በመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ። የአሜሪካ ጉምሩክ የወሰነበትን ቀረጥ የማይቀበል አስመጪ፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በ180 ቀናት ውስጥ የሚያስገባው ሰነድ ስሙ «ፕሮቴስት» ነው፤ እኔ «የተቃውሞ አቤቱታ» እለዋለሁ። «አንደር ፕሮቴስት» ከፈለ ሲባልም ገንዘቡን የሰጠው ዕዳውን አምኖ ሳይሆን፣ የመከራከር መብቱን እንደ ጠበቀ ነው። «በተቃውሞ ሥር ከፈለ» የሚለውን ትርጉም ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን የለም። «እየተቃወመ ከፈለ» ቢባል ይበቃል።