ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሱስ ላይ ላሉ ሰዎች መዋያ ልንከፍት ነው፤ ግቢውን እንዴት እናሰናዳው?

የኮዬው፦
ሰላም ለቤቱ። ማኅበራችን ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ግቢ ተከራይቷል። 200 ካሬ ነው፤ ባለ ሦስት ክፍል ቪላ፣ ሁለት ሰርቪስ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት፣ በሩ ላይ የዘበኛ ቤት አለው። የሚመጡት የተደባለቁ ናቸው፦ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች፣ ጫትና አረቄ የጣላቸው ጎልማሶች፣ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚውጡ፣ ጥቂት ደግሞ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ። አስገድደን ልናስተዋቸው አይደለም፤ ታጥበው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ቁስላቸው ታሽጎ በሕይወት እንዲውሉ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። አንዱ አባል ግድግዳው ላይ ሥዕል ይሣል ይላል፣ ሌላው ካሜራ ይገጠም ይላል። ከምን እንጀምር?

ግንበኛው፦
ሥዕሉም ካሜራውም ይቆይ። ካሜራ ያለበት ግቢ በመርፌ የሚወስድ ሰው አይገባም። ገንዘቡን ሽንት ቤትና ውሃ ላይ አውሉት።

አንድ ሽንት ቤት አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ለሴቶች። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው በገዛ ገላው ይዘጋዋል፣ ገፍታችሁ መግባት አትችሉም። ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥ፣ እግር ይታይ። መሸጎሪያው ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ዓይነት ይሁን። ደም ሥር እንዳይታይ ሰማያዊ አምፖል ግጠሙ የሚሏችሁን አትስሙ። መውጋቱን አያስቀርም፤ ሰውየው በጭፍን ይወጋና ይቆስላል፣ የፈሰሰውን ደምም አጽጂዋ አታየውም። ነጭ መብራት፣ እስከ ትከሻ ድረስ ሴራሚክ፣ ከዚያ በላይ የሚታጠብ ቀለም።

ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። በቀን 20 ሰው በ15 ሊትር ቢታጠብ 300፣ ሽንት ቤቱ 60 ጊዜ በ6 ሊትር 360፣ ልብስ ማጠቢያ 200፣ ወጥ ቤትና ጽዳት 140፤ ድምሩ 1,000 ሊትር ነው። ባለ 2,000 ሁለት ሮቶ አራት ቀን ያደርሳችኋል። ግን የሞላ ሮቶ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ በእንጨት ማማ ላይ እንዳትሰቅሉት። የብረት ማማ ከኮንክሪት መሠረት ጋር፣ ከፍታው 3 ሜትር ገደማ ከሆነ ሻወሩ ያለ ፓምፕ ይወርዳል።

ሲስተር ከቃሊቲ፦
የግንበኛው ምክር ትክክል ነው፤ ሰዓቱን ግን ማንም አላነሳም። ማስቲሽ የሚስቡት ልጆች ብርድ አድሯባቸው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትኩስ ነገር ይፈልጋሉ። ጫት የሚቅመው ቀትር ላይ ሃራራ ይዞት ይመጣል፣ ከሰዓት በምርቃና ይጠፋል፣ ማታ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ይወጣል። እንደ መሥሪያ ቤት 2 ተኩል ከፍታችሁ 11 ሰዓት ብትዘጉ ሁለቱንም ታጣላችሁ። ሃራራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቅጽ አይሞላም። መጀመሪያ ሻይና ዳቦ፣ ወሬው ነገ። መታወቂያ አትጠይቁ፤ ከእናቱ ስም ሁለት ፊደልና ከተወለደበት ዓመት የተሠራ ኮድ ይበቃል።

«ጠጥቶ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ እንዳትሰቅሉ። ግቢ ውስጥ መጠጣት ይከልከል፣ ጠጥቶ የመጣ ግን ይግባ። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ድንገት ካቆመ 6 ሰዓት ያህል ካለፈው ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መቃዠት ከመጣ ለሞት ያሰጋል። እሱ የሆስፒታል ሥራ ነው።

ማስቲሽ የሳበ ልጅን አታባርሩት፣ አትጩኹበት። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉይን የሚባል ኬሚካል የነካው ልብ በድንጋጤ ምቱ ሊዛባና ባለበት ሊቆም ይችላል። ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ምድጃውን አርቁ።

ራሱን የሳተና ትንፋሹ የዘገየ ሲገጥማችሁ፦ ደረቱ መሐል ያለውን አጥንት በጣት መገጣጠሚያ አጥብቃችሁ እሹት፤ ካልነቃ 907 ወይም 939 ደውሉ፣ አገጩን ወደ ላይ አንሱ፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡት። ናሎክሶን (እንደ ሞርፊን ያሉ ዕፆችን ጉልበት የሚያከሽፍ መድኃኒት) ካላችሁ የጤና ባለሙያዋ 0.4 ሚሊግራም ጭኑ ላይ ትውጋው፤ በ2 ወይም 3 ደቂቃ ካልተነፈሰ ትድገም። ነቃ ብላችሁ አትልቀቁት፤ የናሎክሶን ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ያ ካለቀ ዕፁ መልሶ ሊያፍነው ይችላል። ትራማዶል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ብዙ ሲወሰድ ያንዘፈዝፋል፣ እሱን ናሎክሶን አያቆመውም።

የእድር ጸሐፊ፦
ሲስተር በሁሉም እስማማለሁ፣ ልጆቹንና አዋቂዎቹን ሳትለዪ ማለፍሽ ላይ ግን አይደለም። የ13 ዓመት ልጅና በመርፌ የሚወስድ ጎልማሳ በአንድ በር አይገቡም። ጠዋቱን ለልጆቹ ብቻ፣ ከዚያ ዘግቶ ማጽዳት፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች። ለልጆቹ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ጋር ስምምነት በጽሑፍ ያዙ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ወሬ «ልጅ እያጠፉ ነው» ይሆናል። ለሴቶችም በሳምንት አንድ ከሰዓት ወንድ የማይገባበት ይኑር፣ ሞዴስና የልጅ ማስቀመጫ ጥግ ያለው። ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰው መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ዘበኛው ነው። ዱላ የያዘ ዘበኛ ካቆማችሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስም የሚጠራ፣ «ግቡ» የሚል ሰው ይሁን፤ ቢቻል ሠፈሩን የሚያውቅ፣ ራሱ ከዚህ የወጣ። ታፔላው ላይ «ሱስ» የሚል ቃል አይጻፍ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምንም ይቀጣል። ስለዚህ በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ በ1986 እ.ኤ.አ. እንደተከፈተው ዕፅ በባለሙያ ፊት የሚወሰድበት ክፍል እናንተ ዘንድ አይታሰብም። ከመክፈታችሁ በፊት የፖሊስ ጣቢያውን አዛዥ ጠርታችሁ ቡና አፍሉ፤ በሩ ላይ አፈሳ እንዳይደረግ ይነጋገሩ። ለጎረቤትም እንዲሁ። በየጠዋቱ ከበሩ ግራና ቀኝ 50 ሜትር ይጠረግ። አንድ መርፌ አስፋልቱ ላይ ከተገኘ የእናንተ ባይሆንም የእናንተ ነው።

የኮዬው፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የዘበኛው ነገር ፈጽሞ አልታሰበም ነበር። ያገለገለውን መርፌስ? ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ይውሰዱት ተብሎ ነበር።

ሲስተር ከቃሊቲ፦
በፍጹም። ቆሻሻውን የሚለዩት በእጃቸው ነው፣ የቀረውን ደግሞ ቆራሌው ይበረብረዋል። ሄፓታይተስ ሲ ሲሪንጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ባለ 5 ሊትር ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የካርቶን ሳጥን፣ ወደ 100 ሲሪንጅ ይይዛል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ታሸገ ማለት ነው፣ አትጠቅጥቁት። ካርቶን ስለሆነ ከወለል ላይ ይነሳ፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይታሰር፤ ከረጠበ መርፌው ይበሳዋል። መርፌውን ማንም መልሶ አይክደን። የሞላውን ማቃጠያ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተዋዋሉና በቀጠሮ አስረክቡ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ።

አዲስ ሲሪንጅ የምታድሉ ከሆነ «አንድ አሮጌ ካላመጣህ አዲስ የለም» የሚል ደንብም አታውጡ። አሮጌውን ይዞ መሄድ ፖሊስ ስለሚያስፈራው ጥሎት ይመጣል፣ ባዶ እጁን ከመለሳችሁት ደግሞ ከጓደኛው ይዋሳል። ሲሪንጁ መርፌው ከነገላው የተያያዘ ባለ 1 ሚሊ ይሁን፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ደም ከሚነቀለው ዓይነት በጣም ያነሰ ነው።

ግንበኛው፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ለጤና ባለሙያዋ ክፍል ከሰርቪሶቹ ለሽንት ቤቱ የቀረበውን ስጧት። በሩ 90 ሳንቲ ይሁን፣ ቃሬዛ እንዲያልፍ። የግቢው መተላለፊያ ላይም መኪና እንዳይቆም፣ አምቡላንሱ እስከ በረንዳው ይግባ።