ክርክር፦ የድሮ የጃፓን ጌም ሲታደስ ቀልዱም ይታደስ?

አስተባባሪ፦ ርዕሱ ይኸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ድራጎን ክዌስት 3 በ1988 ወጥቶ ጃፓኖችን ሱቅ ደጃፍ ያሰለፈ ጌም ነው። በኅዳር 2024 ታድሶ መጣ። ድሮ የዋና ልብስ በመሰለ ጥሩር የምትዋጋው ሴት ጦረኛ ከሥር ልብስ ተጨመረላት። ተጫዋቹ ገጸ ባሕሪውን ሲመርጥ «ወንድ» «ሴት» ይል የነበረውም «መልክ ኤ» «መልክ ቢ» ሆነ። የጌሙ አባት ዩጂ ሆሪ ራሱ፣ ወንድና ሴት መባሉ ማንን እንደሚያስቆጣ እንዳልገባው ተናግሯል። እናንተስ?

የድሮ ካሴት፦ እኔ ከሆሪ ጋር ነኝ። ልጅነታችንን ለምን ይነካኩብናል? ድራጎን ቦል የሚባለውን የጃፓን ካርቱን በዲሽ በዐረብኛ እያየን ነው ያደግነው። ያ ሽማግሌ፣ ማስተር ሮሺ፣ ቆንጆ ባየ ቁጥር ሲነስረው በሳቅ እንሞት ነበር። ማን ተጎዳ? የጃፓን ቀልድ በምዕራባውያን ሚዛን አይለካም።

ጀበናዋ፦ ወንድሜ፣ ዐረብኛው እኮ እንዲህ ያለው ነገር እየተቆረጠ ነበር የሚመጣው 😂 ነስሩን ያየኸው በኋላ በፍላሽ ካስገለበጥከው ላይ መሆን አለበት። እኔ ካርቱኑ የተሠራበትን ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል መጽሐፉን፣ አንብቤዋለሁ። ገና መጀመሪያው ላይ ሮሺ የሚፈለገውን አስማተኛ ኳስ ለመስጠት ቡልማ የምትባለውን ልጅ «የውስጥ ሱሪሽን አሳዪኝ» ይላታል። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ተኝታ ሳለች ዋናው ገጸ ባሕሪ ጎኩ እንዳወለቀባት አታውቅም፤ ቀሚሷን ትገልጣለች። ሽማግሌው ያውቃል፣ አንባቢው ያውቃል፣ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቀልዱ ያ ነው።

ጆይስቲክ፦ ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተቱ። እዚሁ ድራጎን ክዌስት 3 ውስጥ አሳራም የምትባል ከተማ አለች። ማታ አንዲት ልጅ «ፓፍ ፓፍ» ላድርግልህ ትልሃለች። ፊትህን ጡቷ መሀል ልታስገባ ነው ነገሩ። ተከትለህ ትወጣለህ፣ መብራት ይጠፋል። ሲበራ ትከሻህን ሲያሽ የነበረው አባቷ ነው! እዚህ የተሸወደው ጎምዢው ራሱ ነው። ይሄ ቢወጣ አዝናለሁ።

ገርጂ፦ «የምዕራባውያን ሚዛን» ላይ ልግባ። በ1968 ጎ ናጋይ «ሀረንቺ ጋኩኤን» የሚል ማንጋ ጀመረ። ወንዶቹ ተማሪዎች የሴቶቹን ቀሚስ ይገልባሉ። የእውነት ልጆችም ኮርጀው በየትምህርት ቤቱ መግለብ ያዙ። ማን ተነሣ? የጃፓን ወላጆችና መምህራን። ያኔ ትዊተር አልነበረም፣ የፈረንጅ አማካሪም አልነበረም።

የድሮ ካሴት፦ እሺ። ማንጋው ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። የገዙትም ጃፓኖች ናቸው፣ የእነሱስ ድምፅ? ደግሞ የጦረኛዋ ሥዕል ድራጎን ቦልን የሣለው የአኪራ ቶሪያማ እጅ ነው። ሰውየው በመጋቢት 2024 አረፈ፣ ጌሙ ከዚያ በኋላ ወጣ። የሟች ሥዕል ላይ ልብስ መደረብ ደስ አይልም። የድሮውን እንዳለ ከአዲሱ ጎን ለጎን ይሽጡልን።

ጀበናዋ፦ እዚህ ላይ ተስማማን፣ ይሽጡት። ልብስ መደረቡ ለእኔም የሰነፍ ሥራ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለውን ሌላ የጃፓን ጌም እዩ። በ1997ቱ ዋናው ገጸ ባሕሪ ክላውድ፣ ኮርኔዮ የሚባለው ሴሰኛ ቤት ለመግባት ቀሚስ ይለብሳል። የሚሳቀው ወንድ ቀሚስ ለብሶ በማፈሩ ነው። በ2020 ሲያድሱት ቀሚሱን አልሰረዙም። መድረክ ላይ አውጥተው በደንብ አስጨፈሩት፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ኮርኔዮ ግን ያው ለሃጫሙ ኮርኔዮ ነው። ሲያዩት ያስቃል፣ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ።

የድሮ ካሴት፦ ያን ጭፈራ ሦስት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ጀበናዋ፦ 😂😂 ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ስገባ «ወንድምሽን ልትጠሪ ነው?» ይሉኝ ነበር። ብሬን ከፍዬ ጆይስቲክ ስይዝ ነበር ዝም የሚሉት። ያንን ትዝታ የሚያድስልኝ ካለ ቀድሜ እገዛለሁ።

ጆይስቲክ፦ ጆይስቲክ ስትይ እኔን የያዝሽኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። አሳራምን ብቻ አትንኩብኝ።